የተተከሉት ሴሎች የሚኖሩት በመድኃኒት ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስኳር ሕመም የሴል ንቅለ ተከላ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል፤ ፎቶ ተነሥቶም በቴሌግራም ይዘዋወራል። ሴል ተተክሎላቸው ኢንሱሊን መወጋት ያቆሙ ሰዎች አሉ መባሉ እውነት ነው። የተዘለለው ግን ዋናው ጉዳይ ነው፤ ሴሎቹ የሚኖሩት ታካሚው በየቀኑ መድኃኒት ስለሚወስድ ነው፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሴሎቹም ያልቃሉ። ይህ ሳይነገር የቀረ ወሬ ክትትል ክፍል ሲደርስ «መርፌው ሊቀር ነው አሉ፤ እስከዚያ ብቀንሰውስ?» ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል። ስለዚህ የጎደለውን እንሙላ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጤነኛ ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን የሴል ደሴቶች ተበታትነው ይገኛሉ። ሁሉም ተደምረው ከቆሽቱ ክብደት ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ አይበልጡም። በአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕመም በደሴቶቹ ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አምራች ቤታ ሴሎች የሚያጠፋቸው የሰውየው የራሱ የሰውነት መከላከያ ነው። ንቅለ ተከላው የጠፉትን በሌላ ሰው ደሴቶች መተካት ነው። የአንጎል ሞቱ ከተረጋገጠ ለጋሽ ቆሽቱ ይወሰድና ኮላጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም በቆሽቱ ቱቦ በኩል ይገባበታል፤ ከዚያ እየተናወጠ ይፈታታል፣ ደሴቶቹ በክብደት ልዩነት ከሌላው ሥጋ ይለያሉ። ቆጠራው አንድን 150 ማይክሮን ስፋት ያለውን ደሴት እንደ መለኪያ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ተከላ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ቢያንስ 5,000 ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 300,000 ይሆናል ማለት ነው። ኢንሱሊን ጨርሶ እንዲቀር ከተፈለገ እጥፉ ሊያስፈልግ ስለሚችል ብዙ ጊዜ የአንድ ለጋሽ ቆሽት አይበቃም። ያን ያህል ተደክሞበት የሚወጣው ሥጋ ከ10 ሚሊ ሊትር ያነሰ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። እሱም በቆዳ በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ፣ ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚወስደው ፖርታል በሚባለው ሥር ውስጥ በዝግታ ይንጠባጠባል፤ በየመካከሉ የሥሩ ግፊት ይለካል። ሴሎቹ የሚያርፉት ቆሽት ውስጥ ሳይሆን ጉበት ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ሥራውን የሚጀምረው ሴሎቹ ከመግባታቸው በፊት ነው። ደሴቶቹ ደም እንደነኩ በደቂቃዎች ውስጥ መርጋትና ብግነት ይነሣባቸዋል። በዚህ የመጀመሪያ ጥቃት ከተተከለው ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ሊጠፋ ይችላል፤ ከሁለት ለጋሽ ለመውሰድ የሚያስገድደው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ ሄፓሪን በኪሎ 70 ዩኒት ተለክቶ ከሴሎቹ ጋር ይሰጣል፤ ከዚያም ደም ማቅጠኛው ለቀናት ይቀጥላል። እዚህ ላይ ሚዛኑ ጠባብ ነው። ሄፓሪኑ ካነሰ ፖርታሉ ሥር ይረጋል፣ ከበዛ ጉበቱ የተወጋበት ቀዳዳ ወደ ሆድ ይደማል። ብግነቱን ለመግታት ኢታነርሴፕት ይጨመራል፦ በተከላው ቀን 50 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ10ኛው ቀን 25 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር። ብዙ ማዕከላት የሚከተሉት መጠን ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚገርመው፣ ተከላው በተሳካለት ሰው ላይም ኢንሱሊን ወዲያው አለመቆሙ ነው። አዲሶቹ ደሴቶች የራሳቸውን ጥቃቅን የደም ሥሮች እስኪያበቅሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃሉ። በዚያ ጊዜ ስኳሩ ከፍ ካለ ገና ያልጸኑት ሴሎች ከአቅማቸው በላይ እንዲያመርቱ ይገደዳሉ፣ ይደክማሉ፣ ይሞታሉ። ስለዚህ ኢንሱሊን ከውጭ እየተሰጠ ያርፋሉ፤ መጠኑ የሚቀነሰው በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው። ኢንሱሊን ለተተከለው ሴልም የመጀመሪያው ደጋፊ መድኃኒት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅሙ ሥራ የሰውነትን መከላከያ መግታት ነው። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ባዕድ ሥጋን የሚያጠቃው የማንኛውም ሰው መከላከያ፣ ሌላው ቀድሞ የራሱን ቤታ ሴሎች የፈጀውና ያንን ያልረሳው የታካሚው የቆየ ቂም። በ2000 ካናዳ ኤድመንተን ውስጥ በዶክተር ጄምስ ሻፒሮ የሚመራው ቡድን ሰባት ሰዎችን ከኢንሱሊን ነፃ ማድረጉን ያሳወቀው አዲስ የቀዶ ሕክምና ዘዴ ስላገኘ አልነበረም። ለውጡ በአመዛኙ በመድኃኒቱና በሴሎቹ ብዛት ላይ ነበር። ስቴሮይድ ስኳር ስለሚያወጣና ቤታ ሴልን ስለሚጎዳ ጨርሶ ተወው፤ በምትኩ ዳክሊዙማብ፣ ሲሮሊመስና መጠኑ ዝቅ ያለ ታክሮሊመስ የሚባሉ መከላከያ መግቻ መድኃኒቶችን አጣመረ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ያው ዘዴ በበርካታ ማዕከላት በ36 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2006 ሲታተም ከዓመት በኋላ ያለ ኢንሱሊን የነበሩት 16 ናቸው፤ በሁለተኛው ዓመት ከእነሱ አምስት ብቻ ቀሩ። ሆኖም የራሱን ኢንሱሊን በጥቂቱም ቢሆን ማምረት የቀጠለው ሰው ራስን እስከ መሳት የሚያደርሰው የስኳር መውረድ ቀረለት። በእኛ ግምት የዚህ ሕክምና እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፤ «መርፌ ቀረ» የሚለው አርዕስት ግን ይሸፍነዋል። በኋላ የመጡት ዘዴዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመከላከያ ሴሎችን የሚቀንሰውን ጸረ ቲሞሳይት ግሎቡሊን በመስጠት ውጤቱን አሻሽለዋል። እሱም በኪሎ 6 ሚሊ ግራም ተሰልቶ በአምስት ቀን ይከፋፈላል፤ የመጀመሪያው ቀን 0.5 ብቻ የሚሆነው ትኩሳቱና መንቀጥቀጡ እንዳይጠና ነው።

በመሐል አንድ አሳዛኝ እንቆቅልሽ አለ። ታክሮሊመስ ሴሎቹን ከመከላከያው ጥቃት ያድናቸዋል፣ ግን ለቤታ ሴል ራሱ መርዝ ነው፤ ለኩላሊትም እንደዚሁ። ስኳር የሌለበት ሰው ኩላሊት ተተክሎለት ታክሮሊመስ ሲጀምር አንዳንዴ ስኳር የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ሴሎቹ ያሉት ጉበት መግቢያ ላይ ስለሆነ ከአንጀት የሚመጣውን መድኃኒት ሳይቀጥን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በኤድመንተን ዘዴ በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን በሚሊ ሊትር ከ3 እስከ 6 ናኖ ግራም ብቻ ሆኖ ተወሰነ። ከ3 ሲወርድ መከላከያው ይነሣል፣ ከፍ ሲል ኩላሊቱና ሴሎቹ ይጎዳሉ።

ይህ ለጅማ ሩቅ ወሬ እንዳይመስል። በ2015 አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ እዚያ፣ ወይም ውጭ አገር ሄደው ተተክሎላቸው የተመለሱ ሰዎች እነዚህኑ መድኃኒቶች ይወስዳሉ። ስለዚህ የሚከተለውን ለእነሱም ሲባል በዝርዝር እንጻፈው። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት የጀመረ ማታ 2 ሰዓት ይወስዳል። የደም መጠኑ የሚለካው የጠዋቱ ፍሬ ከመዋጡ በፊት ነው፤ ፍሬውን ውጦ የመጣ ሰው ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና መጠኑ ያለ አግባብ ይቀነስበታል። ስለዚህ የቀጠሮ ቀን መድኃኒቱ በኪስ ተይዞ ይመጣል፣ ደም ተሰጥቶ ይዋጣል። ናሙናውን ለሚልኩ ላቦራቶሪዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ታክሮሊመስ የሚጣበቀው ከቀይ የደም ሴል ጋር ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ ሐምራዊ በሆነው የኢዲቲኤ ቱቦ ሙሉ ደሙ መላክ አለበት። ደሙን አጣርቶ ሴረሙን ብቻ የላከ፣ ከመድኃኒቱ አብዛኛውን እዚያው ቱቦ ውስጥ ጥሎት ነው የላከው።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭት ደግሞ በአገራችን ልማድ የተነሣ የበለጠ ያስፈራል። ጨጓራ ያለበት ሰው ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚወስደው የጨጓራ ባክቴሪያ ማጥፊያ ጥምር ውስጥ ክላሪትሮማይሲን አለበት፤ እሱ ታክሮሊመስን በጥቂት ቀን ውስጥ በደም ውስጥ እጅግ ያንረዋል። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም እንዲሁ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ጠራርጎ ያወርደዋል። ተቅማጥ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ በክረምት ሆዱን የታመመ ሰው ታክሮሊመሱን በራሱ ሳይነካ ደሙን ቢያስለካ ይሻላል። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ኩላሊቱን በሁለት በኩል ያስመቱታል። ግሬፕፍሩት የሚባለው መራራ ፍሬም ክልክል ነው። መድኃኒት ቤት ስትገቡ «ንቅለ ተከላ አለኝ» የሚለው ቃል ከማንኛውም ማዘዣ በፊት ይነገር።

መከላከያ ሲገታ ተኝቶ የኖረ በሽታ ይነቃል። በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚያሳስበን ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው ትል ነው። እርጥብና ሞቃት አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል፣ ምንም ሳያሳምም ለዓመታት አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ መከላከያው ሲዳከም ግን በመላው ሰውነት ይሠራጫል፤ ያኔ ይገድላል። አንድ ጊዜ የተደረገ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ በዘመቻ የሚሰጠው አንድ ፍሬ አልበንዳዞልም አያጠፋውም። የሚያጠፋው አይቨርሜክቲን ነው፣ በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም። የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳም ከተከላው በፊት ተፈልጎ የመከላከያ ሕክምናው ማለቅ አለበት፤ በኋላ ከሆነ ከላይ ያልነው የሪፋምፒሲን ችግር ይመጣል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ቀድሞ ይሰጣል። እንደ ቢጫ ወባና ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች ከተከላው በኋላ አይሰጡም። ለሳንባ ምች መከላከያ ኮትሪሞክሳዞል፣ ለሲኤምቪ ቫይረስ ቫልጋንሲክሎቪር ለወራት ይጨመራሉ። በዚህ ላይ የሲሮሊመስ የአፍ ቁስልና ማይኮፌኖሌት የሚባለው ሌላው መግቻ መድኃኒት የሚያመጣው ተቅማጥ አለ።

ሴሎቹን ከማዳን አልፎ የሚያበዛቸው መድኃኒትስ? ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ያለፈው ይህን ነው፤ በከተማው የተወራው ግን ይኸው መስመር ነው። የሰው ቤታ ሴል ከሕፃንነት በኋላ መባዛት ያቆማል ማለት ይቻላል። ሐርሚን የሚባል ንጥረ ነገር የማባዛቱን በር የሚዘጋ ዳይርክ ዋን ኤ የተባለ ኢንዛይም ያግዳል። በ2024 የኒው ዮርኩ ማውንት ሳይናይ እና የካሊፎርኒያው ሲቲ ኦቭ ሆፕ ተመራማሪዎች ሐርሚንን ኤክሴንዲን 4 ከሚባል መድኃኒት ጋር ለሦስት ወር ሰጥተው የተተከሉ የሰው ቤታ ሴሎች ከአራት እስከ ሰባት እጥፍ መብዛታቸውን አሳዩ። ኤክሴንዲን በሰው ሕክምና ኤክሴናታይድ የሚባለው ሲሆን ስኳር ከፍ ሲል ብቻ ኢንሱሊን እንዲመነጭ የሚያግዝ፣ ምግብ ከጨጓራ መውጣቱን የሚያዘገይ ነው፤ ሴል በተተከለላቸው ሰዎች ላይም ቀደም ብሎ ተሞክሮ ኢንሱሊን ቀንሶላቸዋል፣ ማቅለሽለሹ ግን ብዙዎችን አስቸግሯል። ሰባት እጥፍ የተባለው ውጤት የተገኘው በአይጥ ነው። ሴሎቹ የሰው ናቸው፣ የተተከሉት ግን በአይጥ ኩላሊት ሽፋን ሥር ነው። አይጦቹም መከላከያ የሌላቸው ሆነው የተዳቀሉ ናቸው፤ ባዕድ ሥጋን አይቃወሙም። ሰው ላይ ሲሆን የሚባዛውን ሴል የሚያሳድደው ያ የቆየ ቂም እዚያው አለ። በሌላ አነጋገር ማባዣው መድኃኒት መከላከያውን የሚገታውን መድኃኒት አይተካም።

ሐርሚን ከተክል ስለሚገኝ «አፍልቶ መጠጣት» የሚል ምክር መሠራጨቱን አይተናል። ተክሉ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር የሚበቅለው ሐርመል ነው፤ ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም አይደለም፣ የቅርብ ዝምድናም የላቸውም። ሐርመልን ራሱን ያገኘ ሰውም ቢሆን ሐርሚን የአእምሮ ኬሚካሎችን የሚሰብረውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ይወቅ። ያስመልሳል፣ ያደነዝዛል፣ ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲደረብ አደገኛ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ አምፌታሚን መሰል ስለሆነ ሁለቱ ቢገናኙ የደም ግፊትን በድንገት ሊያንሩት ይችላሉ። በጅማ ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም።

አዳዲሶቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ዚሚስለሴል የሚባለው ከስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ከሚችል ሴል፣ በላቦራቶሪ የተሠራ ሕክምና በ2025 በታተመው ሙከራ ሙሉ መጠን ከተሰጣቸው 12 ሰዎች 10ሩን በዓመቱ ከኢንሱሊን አላቅቋል፤ የለጋሽ እጥረትን ይፈታል፣ መከላከያ መግቻውን ግን አላስቀረም። በዚያው ሙከራ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ የአንዱ ምክንያት እኛ ከኤችአይቪ ታካሚዎች የምናውቀው ክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር ነበር። ታክሮሊመስን በሌላ ለመተካት ቴጎፕሩባርት የሚባል መድኃኒት እየተሞከረ ነው። ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ደግሞ ጂናቸው ተስተካክሎ ከመከላከያው እንዲሸሸጉ የተደረጉ ሴሎች በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ያለ ምንም መግቻ ኢንሱሊን አመንጭተዋል። የተሰጠው መጠን ትንሽ ስለነበር ሰውየው መርፌውን አላቆመም፤ ተስፋው ግን ትልቅ ነው። ቻይና ውስጥ ከራሷ ሴል ተሠርቶ የተተከለላት ሴት በ2024 ብዙ ተጽፎላታል። እሷ ቀድሞውኑ ጉበት ተተክሎላት መግቻ መድኃኒት ላይ ስለነበረች የራስ ሴል ያለ መድኃኒት ይኖራል ለማለት ማስረጃ አትሆንም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በደላላ በኩል «ከራስህ ስብ ስቴም ሴል አውጥተን እንወጋሃለን፣ መድኃኒት አያስፈልግም» እየተባሉ ገንዘብ ለሚያሰባስቡ ቤተሰቦች ይጠቅማል። እከፍላለሁ ከማለት በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የሚተከለው ራሱ ኢንሱሊን የሚያመርት ሴል ነው ወይ? በኪሎ ስንት? በፊትና በኋላ ሲ ፔፕታይድ ይለካል ወይ? ሲ ፔፕታይድ ሰውነቱ ራሱ ያመረተውን ኢንሱሊን ብቻ የሚያሳይ ምርመራ ስለሆነ የተወጋው ኢንሱሊን አያታልለውም። መግቻ መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ጅማ ከተመለሱ በኋላስ ማን ያቀርበዋል፣ መጠኑስ የት ይለካል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ማዕከል ገንዘባችሁን አይገባውም። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላለባቸው፣ ማለትም ክኒን ለሚወስዱት ለአብዛኞቹ ታካሚዎች፣ ይህ ሕክምና የታሰበም አይደለም። አሜሪካ በሰኔ 2023 ላንቲድራ የተባለውን የለጋሽ ሴል ስታጸድቅ እንኳ የፈቀደችው አንደኛው ዓይነት ላለባቸው፣ ጥሩ ክትትል እያላቸውም ስኳራቸው ደጋግሞ በከፋ ሁኔታ ለሚወርድባቸው አዋቂዎች ብቻ ነው። ለሌላው ሰው የመግቻ መድኃኒቱ ጉዳት ከኢንሱሊን ጉዳት ይበልጣል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። ስለዚህ ሕክምና ስታወጡ የተሞከረው በአይጥ ነው ወይስ በሰው፣ በስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ ቆየ፣ አብሮ የተሰጠው መድኃኒት ምንድን ነው የሚሉትን አራቱን ጻፉ። እስከዚያው ይህችን ከጽሑፉ ጎን በሳጥን ብታወጡልን እናመሰግናለን፦ አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ምግብ ባይበላም እንኳ መሠረታዊውን ኢንሱሊን አያቋርጥም፤ ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከመጣበት ነገን ሳይጠብቅ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር
በስኳር ሕመም ክትትልና በፋርማሲ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ጅማ